የተራቆተ ግጦሽን በአገሩ ሣር መልሶ ማልበስ፦ ለጎጃም ደጋና ወይና ደጋ

የግጦሽ መሬቱ የተራቆተበት ሰው ሲያማክረኝ ቀድሞ የሚጠይቀኝ «ዘሩን ከየት ላግኝ?» ብሎ ነው። ዘር ማግኘት ከባድ አይደለም። ከባዱ ዘሩ የሚያርፍበትን መሬት ማሰናዳትና ከበቀለ በኋላ ከሰኮና መጠበቅ ነው። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ በተመደብሁበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ አንድ ቀበሌ ላይ፣ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ የሣር ዘር አስመጥቼ በሐምሌ አጋማሽ እንደ አውድማ የጠነከረ ገላጣ ላይ አስዘራሁት። በሦስተኛው ቀን የጣለው ዶፍ ዘሩን ጠራርጎ ወሰደው። መስከረም ሲጠባ የዘራንበት ቦታ እንደነበረ ቀይ ሆኖ ቀረ፤ ከግርጌው ያለው የአንድ ገበሬ ድንበር ግን በቀበሌው ታይቶ የማይታወቅ ሣር አበቀለ። ሰውየው ሊያመሰግነኝ መጣ። እኔም ምስጋናውን ተቀበልሁ፤ ምን አደርጋለሁ!

ከዚያ ወዲህ የምከተለውን አሠራር በተራ በተራ ልጻፈው። ለወል ግጦሽም ለግል መሬትም ይሆናል። የወሮቹን አቆጣጠር ያደረግሁት ክረምቱ ሰኔ ገብቶ መስከረም ለሚወጣበት ደጋና ወይና ደጋ ነው። ወደ ዓባይ በረሃ ወረድ ያላችሁ ዝናቡ ዘግይቶ ስለሚይዝና ቶሎ ስለሚለቅ ቀኖቹን በእናንተ ሰማይ አስተካክሏቸው።

አንደኛ፦ መሬቱን በእግር ቁጠሩት

መዝራት የሚያስፈልገው መሬት ሁሉ አይደለም። ከጥቂት የሥር ቅሪት ራሱ የሚያገግም መሬት ላይ ዘር መበተን ድካም ነው። ስለዚህ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መጀመሪያ፣ ሣሩ ራስ አውጥቶ ማንነቱ በሚለይበት ሰሞን፣ መሬቱን ከጥግ እስከ ጥግ አቋርጡት። በየርምጃው የቀኝ ጫማችሁ ጫፍ የነካውን ነገር መዝግቡ፤ ባዶ አፈር ነው? ከብት የሚበላው፣ ዓመት ከዓመት የሚቆይ ሣር ነው? ወይስ አረም? ርምጃው 100 ሲሞላ ደምሩ። አንድ ሰው ይርገጥ፣ አንድ ልጅ ደግሞ በደብተር መስመር ያስምር፤ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።

የኔ መለኪያ ይህ ነው። ከ100 ርምጃ 30ው ደህና ሣር ላይ ካረፈ ዘር አያስፈልግም፤ መሬቱን ከልክላችሁ ሁለት ክረምት ጠብቁት። ከ10 እስከ 30 ከሆነ ገላጣ ገላጣውን ብቻ እየመረጣችሁ ዝሩ። ከ10 ካነሰ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ መሥራት ግድ ነው።

ስትቆጥሩ አክርማና ስንደዶ በዝተው ካያችሁ መሬቱ ለብዙ ዓመት ከአቅሙ በላይ ተግጧል ማለት ነው። ከብቱ ጣፋጩን ሣር እየመረጠ ሲበላ እነዚህ ጠንካሮቹ ይቀራሉ፤ ቦታውንም ይወርሱታል። መጭና አሜኬላ ከበዛም ነገሩ ያው ነው። ሆኖም አክርማውን እንዳለ ነቅላችሁ አትጨርሱ። ሰፌድና ሌማት የሚሰፉት እናቶች የሚለቅሙት ከዚያ ነው። አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ «አክርማውን እናጥፋው» ብዬ ተናግሬ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ እንጀራህን በምን ላይ ልታቀርብ ነው?» ብለው ዝም አሰኝተውኛል።

በዚያው ቀን አንድ ሙከራ ጨምሩ። የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ሁለቱንም አፍ ቆርጣችሁ ጣት ያህል ወደ አፈሩ አስገቡት፤ በውሃ ሙሉትና ሰዓት ያዙ። ቁጥቋጦ ሥር ያለ አፈር ላይና ገላጣው ላይ አወዳድሩት። ገላጣው ላይ ውሃው አልሰርግ ብሎ ቆሞ ከቀረ፣ የሚመጣው ዝናብም እንደዚያው ሳይሰርግ በላዩ የሚሄድ መሆኑን በዓይናችሁ አያችሁ ማለት ነው። ገበሬ ይህን ካየ በኋላ ስለ ውሃ ማቆር ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሁለተኛ፦ ከብቱ የት እንደሚሄድ ሳትስማሙ ዶማ አታንሱ

ግላችሁ ከሆነ ይህን ክፍል እለፉት። የወል ግጦሽ ከሆነ ግን ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

250 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን 6 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። 10 ከብት ለስድስት ወር ብትከለክሉ ከ100 ኩንታል በላይ መኖ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። ይህ መኖ ካልታሰበ ክልከላው በነሐሴ ይፈርሳል፤ ያውም ሌሊት። ስለዚህ መሬቱን በሦስት ክፈሉና በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሦስተኛውን ብቻ ዝጉ። የጤፍ ጭዱን፣ የዳጉሳውንና የበቆሎውን አገዳ ለክረምቱ አስቀምጡ። የሚቻል ከሆነም በየጓሮውና በየእርከኑ ደሾ ይተከል። ደሾ ከደቡብ፣ ከጨንቻ አካባቢ የመጣ የአገራችን ሣር ነው፤ ሥሩ እየተከፈለ በተክል መካከል 10፣ በመስመር መካከል 50 ሳንቲ ሜትር ይተከላል። ግጦሹን ለማልበስ ሳይሆን ግጦሹ እስኪድን ከብቱን ለማቆየት ነው የምፈልገው።

ስብሰባው ላይ ሁለት ዓይነት ሰው እንዳይቀር። አንዱ የእርሻ መሬት የሌለው ወጣት ነው፤ አምስት በጎቹን የሚያቆመው በዚያ ወል ላይ ነው። ሌላው እረኛው ነው፤ ዕድሜው አሥር ይሁን አሥራ ሁለት ይጠራ። ድንበሩን የሚጠብቀውም የሚያፈርሰውም እሱ ነው።

ውስጠ ደንቡ አጭር ይሁን፤ ማን ይጠብቃል፣ ጠባቂው በምን ይከፈለዋል፣ የገባ ከብት ባለቤት ምን ይቀጣል፣ ሣሩ ሲደርስ እንዴት ይከፋፈላል። እኔ ያየኋቸው የዘለቁ ክልሎች ሣሩን ለእማወራና ለአባወራ እኩል በዕጣ የሚያካፍሉ ናቸው፤ በከብት ቁጥር ሲካፈል ከብት የሌለው ሰው ለምን ብሎ ይጠብቃል? ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የመንዝ ሰዎች ጓሳ የተባለው ሣር የሚበቅልበትን የወል መሬታቸውን ቄሮ በሚሉት የጥበቃ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲከለክሉና ሲከፍቱ ኖረዋል፤ አንዳንዴም ለተከታታይ ዓመታት ዘግተው ያቆዩት ነበር። ስምምነቱ በቀበሌው መሬት አስተዳደር ይጽደቅ፤ ቅጂው በሦስት ሰው እጅ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፦ ዘሩን ከቅርብ ልቀሙ

በጣም የምወደው ሥራ ይህ ነው። የአካባቢያችሁ ሣር የአካባቢያችሁን አፈር፣ ብርድና የዝናብ መውጫ ያውቃል። ከሩቅ የመጣ ዘር ግን ከጮቄ ተራራ ግርጌ በኅዳር ውርጭ ሲመታ ወይም በዋልካ፣ በጥቁሩ ጭቃ አፈር ላይ ውሃ ሲተኛበት ይቸገራል።

የት ይገኛል? አንደኛው ቦታ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ጎጃም ውስጥ በዙሪያው ያለው መሬት ሁሉ ተግጦ ሲያልቅ ቅጥሩ ውስጥ ያለው ሣር እስከ ጉልበት ይደርሳል። ሁለተኛው የማሳ ድንበርና የእርከን አናት ነው። ሦስተኛው ለድርቆሽ የተከለለ የግል ቦታ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ቄሰ ገበዙን አስፈቅዱ። እኔ አንድ ጊዜ «አባ፣ ሣሩ ሲደርስ አንድ ማዳበሪያ ዘር እንድንለቅም ቢፈቅዱልን» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ትንሽ አሰቡና «ሣሩ የታቦቱ ነው፣ አይነካም። ዘሩን ግን ነፋስም ሳያስፈቅደኝ ይወስደዋል» አሉኝ። ሣሩን ሳናጭድ ራስ ራሱን ብቻ ለቀምን።

የምትለቅሙት እንደ ቦታው ይለያያል።

ሰንበሌጥ ለወይና ደጋው ቀይ መሬትና ለተዳፋት ጥሩ ነው፤ ድሃ አፈርና ኮምጣጣ አፈርን ይችላል። ገና ለጋ ሳለ ከብት ይበላዋል፣ ሲያረጅ ይጠነክራል፣ ያኔ ለክዳን ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ብያለሁ፤ ቆርቆሮ ከገባ ወዲህ የሣር ቤት የሚከድን ሰው ስላነሰ ሰንበሌጥን የሚከልል ሰውም አነሰ። የሰንበሌጡ ዘብ ለካ ቤቱ ነበር!

ጋጃ በዘሩ እየተተካ በየዓመቱ የሚበቅል ነው። መሬቱን በመጀመሪያው ክረምት ቶሎ ይሸፍነዋል፤ ሌሎቹ ሥር እስኪሰዱ ጥላ ይሆናል። ሙጃም እንዲሁ ቶሎ ይሮጣል፣ ከብትም ይወደዋል፤ ከእርሻ ድንበር አጠገብ ግን አልዘራውም፤ ባለ ማሳው በአረምነቱ ነው የሚያውቀው።

ሰርዶ ከዘር ይልቅ በሐረጉ ነው የሚተከለው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ለሆነ፣ ለጮቄ አፋፍ ላሉት ደግሞ ጓሳ አለ፤ እሱም ሥሩ ተከፍሎ ቢተከል ከዘሩ የተሻለ ይይዛል።

ማገጥን አትርሱ። ሣር አይደለም፣ የባቄላና የአተር ወገን ነው፤ ከአየር ናይትሮጂን እየያዘ አፈሩን ይቀልባል፣ መኖውንም ያጣፍጣል። ከተዘራው ዘር አንድ አምስተኛ ያህል ማገጥ ቢሆን በቂ ነው። ብቻውን ከበዛና ከብት ጤዛ ላይ በባዶ ሆዱ ከገባበት ግን ይነፋዋል።

መቼ ይለቀማል? ቀን በመቁጠር ሳይሆን በእጅ ነው የሚታወቀው። ጋጃ በጥቅምት፣ ሰንበሌጥ ደግሞ ወደ ኅዳር ይደርሳል። ራሱን በመዳፋችሁ ያዙና ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ዘሩ ሳይለቅ እጃችሁ ላይ ከተንሸራተተ ገና ነው። ሳትነኩት በነፋስ ከረገፈ አልፏል። ግማሹ እጃችሁ ላይ ከቀረና ግማሹ ከራሱ ላይ ከቆየ ቀኑ ዛሬ ነው። ቀጥሎ ከለቀማችሁት ላይ አሥር ፍሬ መርጣችሁ በጥፍራችሁ ጫኑ፤ የሣር ዘር ገለባው ሲያዩት ሙሉ መስሎ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። ከአሥሩ አምስት ያህሉ ውስጡ ጠጠር ያለ ፍሬ ካለው ልቀሙ። ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ ወይም ሳምንት ቆዩ።

ከአንድ ቦታ ከሦስት እጅ ሁለቱን ዘር ትታችሁ ሂዱ። ለእናት መሬቱም ያስፈልገዋል።

የለቀማችሁትን ጥላ ባለበት፣ ንፋስ በሚገባበት ቦታ በሸራ ላይ ሳስታችሁ ለአንድ ሳምንት አስጡት፤ በቀን ሁለት ጊዜ ገልብጡት። ሳይደርቅ በፕላስቲክ ከታሰረ ይሻግታል። ከደረቀ በኋላ በጨርቅ ከረጢት አድርጋችሁ ከወጋግራ ላይ አንጠልጥሉት፤ ጎታ ውስጥ ካስቀመጣችሁት አይጥ ትቀድማችኋለች። ከረጢቱ ላይ የሣሩን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ። ከኅዳር እስከ ሰኔ ያለው የሰባት ወር እረፍት ጥቅም አለው። ብዙ የሣር ዘር ትኩስ እንደተለቀመ አይበቅልም፤ እንቅልፍ አለበት። ስለዚህ «ዘንድሮ ለቅሜ ዘንድሮ ልዝራ» አይሠራም።

አራተኛ፦ በግንቦት አብቅላችሁ እዩ

ዘሩን ገዝታችሁም ይሁን ለቅማችሁ ይህን አትዝለሉ። 100 ፍሬ ቁጠሩና እርጥብ ነጠላ ላይ ደርድራችሁ ጠቅልሉት፤ ሳህን ላይ አድርጋችሁ ሙቀት በማያጣ የቤቱ ጥግ አስቀምጡት፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ በየቀኑ ውሃ አርከፍክፉበት። በሰባተኛውና በአሥራ አራተኛው ቀን የበቀለውን ቁጠሩ። ከ100ው 50 ከበቀለ፣ ያልተበጠረ የተለቀመ ዘር ለአንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) 5 ኪሎ እጠቀማለሁ። 25 ብቻ ከበቀለ ወደ 10 ኪሎ ከፍ አደርገዋለሁ። ከ10 ካነሰ ያንን ዘር ከመዝራት ሣሩን ከነራሱ አጭዶ ገላጣውን ማልበስ ይሻላል፤ አሠራሩን ስድስተኛው ላይ ጽፌዋለሁ።

የማገጥ ዘር ቅርፊቱ ድንጋይ ነው። ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በሁለት እጃችሁ መካከል አሹት፤ ፊቱ ጭረት ሲያወጣ ውሃ ይገባለታል።

አምስተኛ፦ መሬቱ ውሃ እንዲይዝ ማድረግ

ሥራው ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ፣ የበልጉ ካፊያ አፈሩን ሲያለሰልሰው ነው የሚሠራው። ደቦ የሚጠራበት ጊዜ ይህ ነው፤ ጠላውም ጉልበቱም ያኔ አለ።

ተዳፋት ከሆነ መሬቱን እንዳለ አርሳችሁ አትገልብጡት። አንዴ ከፈታችሁት የሐምሌ ውሃ ይዞት ወደ ዓባይ ይወርዳል። 10 ሜትር ሲባጎ ሁለት እኩል ዘንጎች ላይ እሰሩ፤ መሃሉ ላይ ውሃ ልክ ስቀሉ። ሁለቱ ዘንጎች አንድ ልክ ላይ ሲቆሙ ቦታውን በችካል አመልክቱ። በዚያ መስመር በሬ ጠምዳችሁ አንድ ትልም ብቻ አውጡ፤ በየአንድ ሜትር ተኩሉ ደግሞ ሌላ ትልም። በትልሞቹ መካከል ያለው ሣር፣ ትንሽም ቢሆን፣ አይነካ። ውሃው ከትልም ወደ ትልም ሲያዘግም ዘሩና ደለሉ እዚያው ይቀመጣል። እኔን ያ ዶፍ ሲያዋርደኝ የጎደለኝ ይህ ነበር።

ቁልቁለቱ ጠንክሮ በሬ የማይረጋበት ከሆነ ግማሽ ጨረቃ ቆፍሩ፤ አፉ ወደ ላይ ያየ፣ ስፋቱ ሁለት ሜትር ያህል የሆነ። አፈሩን ወደ ታች በኩል እንደ ከንፈር አድርጉት። የሚቀጥለው ረድፍ በሁለቱ መካከል ይግባ እንጂ ከኋላቸው አይሰለፍ። ቦረቦር ካለ መጀመሪያ ክትሩ ይሠራ፤ ቦረቦሩ እየበላው ላለ መሬት ሣር መዝራት ሊፈርስ ያለ ቤት መለሰን ነው።

ሜዳ ዋልካ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ችግሩ ውሃ ማነስ ሳይሆን ውሃ መተኛት ነው። ሰፋ ያለ መደብ አውጥታችሁ ዘሩን መደቡ ላይ አድርጉ፤ ቦዩን ለእንግጫና ለቄጠማ ተዉላቸው። ልጃገረዶቹም በአዲስ ዓመት ዋዜማ እንግጫ ሊነቅሉ ሲወጡ ባዶ እጃቸውን አይመለሱም።

ፍግ ካላችሁ የቆየውን፣ የበሰበሰውን በትኑ። ትኩስ እበት አረም ይዞ ይመጣል። ጎጃም ውስጥ ኩበቱ ምድጃ ውስጥ ስለሚያልቅ ፍግ ብርቅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ካነሰ ግማሽ ጨረቃዎቹ ውስጥ ብቻ አንድ አንድ እፍኝ ጣሉ። የአፈር ኮምጣጣነትን የሚቀንሰውን ኖራ ለግጦሽ ብላችሁ አትግዙ። ኖራውን ለገብሱና ለስንዴው ማሳ አድርጉት።

ስድስተኛ፦ መዝራት

ዝናቡ መጥቶ ሄዶ ሳይሆን መጥቶ ሲቀመጥ ዝሩ። አፈሩ እስከ አንድ ስንዝር ከራሰና በሚቀጥለውም ሳምንት ዝናብ ከደገመ ጊዜው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሰኔ 5 እስከ ሰኔ 25 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ሐምሌ አጋማሽ ካለፈ ለከርሞ አቆዩት። ዘግይቶ የበቀለ ቡቃያ ሥሩን ሳያወርድ ፀሐይ ይደርስበታል፤ ደጋ ከሆነ ደግሞ ውርጩ።

የአገር ሣር ዘር ፀጉራም ነው፤ ለብቻው ከበተናችሁት ነፋስ ያጫውተዋል፣ አንዱ ቦታ ይቆለላል። አንድ እጅ ዘር ከአራት እጅ ከተነፋ ደረቅ አሸዋ ወይም ከተፈጨ ፍግ ጋር ቀላቅሉ። የተቀላቀለውን ለሁለት ክፈሉት፤ ግማሹን ቁመቱን እየሄዳችሁ፣ ግማሹን አግድሙን እየሄዳችሁ በትኑ። ጤፍ የዘራ እጅ ይህን ለመልመድ አይቸገርም።

ከዚያ ጥልቀት! ዘሩ ከትንሽ ጣት ጥፍር ስፋት በላይ አፈር ከተጫነው ለመውጣት ይቸገራል። ማረሻ አይነካው። የእሾህ ቅርንጫፍ አስራችሁ በላዩ ጎትቱ፣ ወይም ለጤፍ መሬቱን በከብት እንደምናስረግጠው በጎችን አንድ ጊዜ በፍጥነት አሳልፉበት። ከብት ወደዚህ መሬት በሙሉ ፈቃድ የሚገባበት የዚያ ዓመት ብቸኛው ቀን ይህ ነው፤ እረኞቹም ስለሚያውቁት ይሳሳቁበታል።

ዘር ማበጠር የማይሆንላችሁ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ከበለጸገ ቦታ በጥቅምት ወይም በኅዳር ዘሩ እየበሰለ ያለውን ሣር ከነራሱ እጨዱ፣ አድርቁ፣ ከዝናብና ከአይጥ ተከልሎ እስከ ሰኔ ይቆይ፤ ከዚያ አፈሩ በሣሩ መካከል በስሱ ብቻ እስኪታይ ድረስ ገላጣው ላይ አልብሱት። ሣሩ ዘሩን ያራግፋል፣ ጠብታውን ይመክታል፣ ሲበሰብስም ያዳብራል። ለትንንሽ ገላጣዎች ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ሰርዶ በሐምሌ ይተከላል። ሐረጉን ቆፍራችሁ ሦስት ወይም አራት አንጓ እያስቀራችሁ ቁረጡ፣ ሁለቱን አንጓ ቅበሩ፣ አንዱ ከላይ ይታይ፤ በየግማሽ ሜትሩ። የተቆፈረው ሐረግ በፀሐይ ሳይጠወልግ በዚያው ቀን ይተከል። ከእርሻ አጠገብ ግን አደራ! ሰርዶ ድንበር አያውቅም፤ ያስገባችሁት ሰውም በኋላ ስማችሁን አይረሳም።

ሰባተኛ፦ የመጀመሪያው ክረምት

ከዘራችሁ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሄዳችሁ ስታዩ ልባችሁ ይሰበራል። የሚታየው መጭና ጨጎጎት ነው። ተንበርክካችሁ ተመልከቱ፤ ከሥሩ እንደ ስፌት ክር የቀጠነ አረንጓዴ ነገር አለ። ሣሩ እሱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የሚሠራው ወደ ታች ነው።

አረሙን አትንቀሉ፤ ሲነቀል ቡቃያውን ይዞት ይወጣል። በነሐሴ መጀመሪያ አረሙ ሳያብብ በማጭድ ከቡቃያው ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ ያስፈልግ እንደሆነ በመስከረም ድገሙ። ዩሪያ አትጨምሩ፤ ማዳበሪያውን ቀድሞ የሚበላው አረሙ ነው።

ከብቱ በዚህ ዓመት አይገባም። «አንድ ቀን ብቻ» የሚለው ቃል ከድርቅ ይበልጥ መሬት አጥፍቷል። እኔ ባለሁበት አንድ ቦታ፣ አምስት ወር የተጠበቀ ቃዳ፣ ለመስቀል ለሚታረዱት በሬዎች ይሙላላቸው ተብሎ ከሰዓት በኋላ ተከፈተ። በሬዎቹ የበሉት ብዙም አልነበረም። በማግስቱ ግን እርጥቡ ዋልካ እንደ ተፈጨ ጭቃ ሆኖ፣ በየሰኮናው ጉድጓድ ውስጥ ቡቃያው ተገልብጦ ሥሩ ወደ ሰማይ ይታይ ነበር። ከአፉ ሰኮናው እንደሚከፋ ያኔ ገባኝ።

በጥቅምት አራት እንጨት አንድ አንድ ሜትር ቆርጣችሁ አራት ማዕዘን ሥሩ፤ ወደ ኋላ እየወረወራችሁ አሥር ቦታ ላይ ቁጠሩ። በአንድ ካሬ ሜትር በአማካይ 10 ቡቃያ ካለ እሰየው። አምስት ካለም ይበቃል፤ ራሱ ይዘራል። ከሁለት ካነሰ ገላጣውን ለይታችሁ ለከርሞ ዘር ያዙ።

በኅዳር መጨረሻ ዘሩ ከረገፈ በኋላ እጨዱት፤ ከመሬት አንድ ጡጫ ከፍ አድርጋችሁ። ይህ የመጀመሪያው ድርቆሽ አረም የተቀላቀለበት ነው፣ ቢሆንም በዕጣ አካፍሉት። ሰው ሸክም ይዞ ወደ ቤቱ ሲገባ ነው ለሁለተኛው ዓመት የሚስማማው። ቅሪቱን «እሳት ያድሰዋል» ብሎ የሚለኩስ እንዳይኖር፤ ገና ሥሩ ያልጸና ሣር እሳት አይችልም።

ስምንተኛ፦ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓመት

ሁለተኛው ዓመት ቀላል ነው። በሰኔ የቀሩትን ገላጣዎች ሙሉ፤ የቀረውን ዝም ብላችሁ ጠብቁ። መሬቱን ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን ሲያብብ፣ በመስከረም መጨረሻ ገደማ እጨዱት፤ ምርጡ መኖ ያኔ ነው። ግማሹን ዘር እስኪያወርድ ተዉት። በቀጣዩ ዓመት ተራውን ቀይሩ።

በሦስተኛው ዓመት ከብት ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ሙከራ አለ። ሣሩን ከብት ምላሱን ጠምዝዞ እንደሚይዘው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙና ባንድ ጊዜ ሳቡት። ቅጠሉ ከተበጠሰ ሥሩ ጸንቷል። ከነሥሩ ከወጣ ገና ነው። በአሥር ቦታ ሞክሩ፤ ሁለት ቦታ እንኳ ከተነቀለ አንድ ዓመት እያጨዳችሁ ቆዩ።

ሲገባ መጀመሪያ ዳልጋ ከብት ይግባ። በግ፣ ፈረስና አህያ እስከ ሥሩ ስለሚላጩት ይዘግዩ። አፈሩ ሲረገጥ ውሃ የሚቋጥር ከሆነ ማንም አይግባ። ጉልበት የደረሰው ሣር ወደ አንድ ስንዝር ሲወርድ ከብቱ ይውጣና ወደሚቀጥለው ክፍል ይለፍ። ያን ጊዜ ሁለተኛው ሢሶ መሬት ለመዘጋት ተራው ደርሷል፤ ለእሱ የሚሆነው ዘር ደግሞ ከእንግዲህ ከቄሰ ገበዙ አይጠየቅም። አንደኛውን ጥግ፣ ሣሩ ያማረበትንና ለእግር መንገድ ያልቀረበውን፣ በእሾህ እጠሩና ሳይታጨድ ተዉት። በጥቅምት ራሱን በመዳፋችሁ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት።